የጾም ዘይት፣ የፍስክ ወተት

በዚያ ዓመት አፍ ያለው ሁሉ ለልጄ ምን ማብላት እንዳለብኝ ያውቅ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጤና ረዳቱ ያውቃል፤ የእንግሊዝኛው መምህር ያውቃል፤ ከአውራጃ በመኪና መጥታ በመኪና የተመለሰችው ባለሙያ ታውቃለች፤ ምንጭ ስወርድ ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚያ ዘመን የሚጠይቀኝ ሰው ረሃቡን እንዳወራለት ይጠብቃል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያደክመኝ ምክሩ ነው።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ዝናቡ ተመልሷል፤ ከብቱ ግን አልቆ ቀርቷል። አርብ ገበያ፣ ከገበያው ሜዳ ከፍ ብላ ባለች የሣር ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች እንኖር ነበር፤ እኔ፣ የባለቤቴ እናትና ልጄ። ባለቤቴ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እናቱ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቆብ የደፉ መነኩሲት ስለነበሩ እኔም ሰፈሩም እማሆይ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጄ ገና መዳህ የጀመረች ሕፃን ናት። ከእሷ በፊት የወለድኩትን ወንድ ልጅ በድርቁ ዓመት ቀብሬዋለሁ። ስለዚህ ይህችኛዋ ስታስነጥስ እንኳ ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር።

በኅዳር ተስቦ ያዘኝ። ተስቦው ሲለቀኝ ጡቴ ደርቆ ነበር። ላም የለ፣ ፍየል የለ፤ ጡት የምታካፍል ጎረቤትም ለራሷ ልጅ አልበቃት ብሏል። ምን አማራጭ አለኝ፣ ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጤና ረዳቱ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሁላችንም ዶክተር እንለው ነበር፤ እሱም አይከለክለንም። ልጅቱን በሚዛኑ ላይ አንጠልጥሎ መዘናትና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም የእርዳታ ዱቄት ወተት በላስቲክ ሰፈረልኝ፣ ስኳርም በወረቀት ጠቀለለልኝ። አሠራሩን በቃሉ ነገረኝ። ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ዱቄቱን መበጥበጥ፣ ስኳሩን መጨመር፣ በመጨረሻም በየስኒው ላይ ከእርዳታው ዘይት ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ጠብ ማድረግ።

"ዘይት ደግሞ ለምን?" አልኩት። ወተት ላይ ዘይት ሲጨመር አይቼ አላውቅማ።

"እንደ ታዘዝሽው አድርጊ" አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት እናቶች ጫፋቸው አይታይም ነበር፤ አልፈርድበትም።

ዘይቱን የማገኘው ከምግብ ለሥራው ነው። ተራራው ላይ እርከን እንሠራለን፣ ድንጋይ እንሸከማለን፣ ለዚያ ስንዴና በትልልቅ ቆርቆሮ የታሸገ ዘይት ይሰጠናል። ማለዳ እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ። ልጅቱ ከእማሆይ ጋር ትውላለች። አሠራሩን እኔ እንደ ሰማሁት ለእማሆይ ነገርኳቸው፤ ወተቱን የሚበጠብጡትም የሚያጠጡትም እሳቸው ሆኑ። በዓል ሆኖ ቤት ብውል እንኳ ሥራውን አይለቁልኝም ነበር። እኔም እንጨቱ፣ ውሃው፣ የእርዳታው ሰልፍ ይጠብቀኛልና ስለቀረልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ወተቱ ልጅቱን ተስማማት። ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ ጉንጯ ሞላ። አንድ ቀን እየዳኸች ደጃፍ ወጥታ አፈር ስትቅም ያዝናት፤ እማሆይ ተቆጡ፣ እኔ ግን እዚያ ድረስ በጉልበቷ መሄዷ አስደስቶኝ ሳቅኩ።

ነገሩ መወሳሰብ የጀመረው በጆንያ ነው። የወተቱን ባዶ ጆንያ ከመጋዘን ጠባቂው ለምኜ ለልጅቱ መደብ ምንጣፍ አድርጌው ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራዩት የእንግሊዝኛ መምህር እማሆይን ሊጠይቁ ገብተው ሳለ ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ አረፈ። እኔም እኮ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ፤ ተቆጥሮ ሲያልቅ ግን ምንም አይለኝም። መምህሩ ጎንበስ ብለው አነበቡና ቀና አሉ።

"ይህን ነው ለልጂቱ የምትሰጧት?"

"አዎ ጋሼ።"

"ስቡ የወጣለት ወተት ነው ይላል። ለሕፃናት አይሆንም ይላል።"

የእማሆይ እጅ ስኒው ላይ ቀረ። እኔ ጆንያውን ከልጄ ሥር ስቤ አወጣሁና በብብቴ ይዤው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ።

ጤና ረዳቱ ጆንያውን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። "ማነው ያነበበልሽ?" አለኝ። መምህሩ ናቸው አልኩት። "እሳቸው ቋንቋ ያስተምሩ። ጆንያ እያነበባችሁ የምትመጡብኝ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? እንደ ታዘዝሽው ከሠራሽ ምንም አትሆንም።" ተመለስኩ። መምህሩ ደጃፍ ላይ ጠበቁኝና የተባልኩትን ስነግራቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። "እኔ የጻፍኩት አይደለም። ጆንያው የሚለውን ነው ያልኩሽ" አሉ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ግን በሁለት የተማሩ ሰዎች መሐል ስኒ ይዤ ቆምኩ፤ ልጄ ደግሞ ርቧታል። ሰጠኋት፤ ምን ላደርግ።

የካቲት ገባ፣ ሁዳዴ ቀረበ። በዚህን ጊዜ ገበያው መሐል ሌላ ወሬ ተነሣ፤ የእርዳታው ዘይት የአሳማ ጮማ ነው ተባለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ነጋዴም በአንድ ድምፅ የተጠራጠረው በዚያ ብቻ ይመስለኛል። አንዳንዱ ዘይቱን ደፋ፣ አንዳንዱ ለመብራት አደረገው። እማሆይ ቆርቆሮውን ከዚያች ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። "በሁዳዴስ እንዳታቀርቢልኝ" አሉኝ። እኔ ጨነቀኝ። የኑግ ዘይት ዋጋው የማይቀመስ ሆኗል፤ ሽሮውን በምን ልሠራው ነው?

እንደገና መምህሩን ጠራኋቸው። ቆርቆሮውን ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው እያዟዟሩ አነበቡት። በአንዱ ጎን ያለውን ጨርሰው ወደ ሌላው ዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"እማሆይ፣ ከአትክልት የተጨመቀ ነው። ከእንስሳ የሆነ ነገር የለበትም።"

"ቅቤም? ጮማም?"

"ምንም የለበትም። የጾም ነው።"

"ዕውቀቱን ያብዛልህ የኔ ልጅ፤ ከጭንቅ ነው ያወጣኸን" ብለው እማሆይ መረቋቸው። ወሬው በሰፈሩ ዞረ፤ ዘይቱን ያልደፋ ሁሉ እፎይ አለ። እኔም የዚያን ጽሑፍ ጸሐፊ የት እንዳለ ባላውቅም በልቤ አመሰገንኩት።

በቅበላው መጨረሻ እማሆይ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አውጥተው በአመድና በፈላ ውሃ አጠቡ። በእሳቸው ቤት የጾምና የፍስክ ዕቃ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ልጅ ጾም የለባትምና የእሷ ስኒ፣ ማንኪያና የወተት መበጥበጫ በመደቧ ራስጌ ተለይቶ ተቀመጠ፤ የእኛ የጾም ዕቃ በሌላው ጥግ። የዘይቱ ቆርቆሮም የጾም መሆኑ ታውቋልና ከልጅቱ ራስጌ ተነሥቶ ወደ ጾሙ ጥግ ተሻገረ። ሲሻገር አይቻለሁ። ቤታችን በድህነቱም ሥርዓቱን ያልጣለ ቤት በመሆኑ እንዲያውም ኮራ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ልጄ መክሳት ጀመረች።

መጀመሪያ ጉንጯ ሄደ። ቀጥሎ ጸጉሯ ሳሳና መልኩ ወደ ዳማነት ተለወጠ። መዳህ ተወች። እግሯ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ከሁሉ የከፋው ማልቀስ ማቆሟ ነው። ሥራ ስውል ከእማሆይ ጋር የሚውሉ ጎረቤቶች "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምጿ እንኳ አይሰማ" ይሉ ነበር። ወንድሟም እንዲህ ነበር ጨዋ የሆነው። ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር የጎረቤቶቼን አፍ በእጄ ብከድነው እወድ ነበር።

ምክሩ እንደ ጉድ ወረደ። አንዷ እንጥሏ ወርዷልና ይቆረጥላት አለች። ሌላዋ ተልባ አሽተሽ አጠጫት አለች። ሦስተኛዋ የገብስ ገንፎ በለጋ ቅቤ ይሻላታል አለችኝ፤ ቅቤውን ከየት እንደማመጣው ግን አልነገረችኝም። ማታ ስገባ እማሆይ ወተቱን እንዳጠጧት እጠይቃለሁ፣ አጠጥቻታለሁ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስኒውን አየዋለሁ፤ ነጭ ነው። ታዲያ ወተት እየጠጣች እንዴት ትከሳለች?

በዚያው ሰሞን ከአውራጃ የሥነ ምግብ ባለሙያ መጣች ተብለን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰብን። ባለሙያዋ ንጹሕ የለበሰች፣ ድምጿ የሚያምር ሴት ናት። ግድግዳው ላይ ሥዕል ሰቀለች፦ ገንቢ ምግብ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ በሽታ ተከላካይ ምግብ። እንቁላል አለ፣ ዓሣ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ብርቱካን አለ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጇን አወጣች።

"እመቤቴ፣ ያ ከሙዙ አጠገብ ያለው ቢጫ ምንድን ነው?"

"ፓፓያ ነው። ለልጆች እጅግ ጠቃሚ ነው።"

"እኛ አገር ይበቅላል?"

ባለሙያዋ ወደ ተራራው አየች። "እዚህስ አይበቅልም" አለች። ሴትየዋ አመስግና ተቀመጠች። ሳቅ መጣብኝ፣ ግን ሳቁም ደከመኝ። ቀጥላም ባለሙያዋ ስለ ወተት ተናገረች። የዱቄት ወተት ለሕፃን አትስጡ፣ ውሃችሁ ንጹሕ አይደለም፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ከእናት ጡት የሚበልጥ የለም አለች። ሳላስበው እጄ ደረቴ ላይ ሄደ። ዱቄቱን በየሳምንቱ የሚሰፍርልን ጤና ረዳት ከጎኗ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በማግሥቱ ልጄን ወስጄ ሲመዝናት ግን መሬት አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ።

"ይህን ሁሉ ወተት እየወሰድሽ ልጅ እንዲህ አትሆንም። ወተቱን ገበያ አውጥተሽዋል።"

"ኧረ በመድኃኔ ዓለም!"

"እንዳንቺ ያለች ስንት አየሁ መሰለሽ።"

ያን ቀን ጠላሁት። ልጄን አዝዬ ስመለስ ጀርባዬ ላይ አትከብድም፤ ባዶ አንቀልባ የተሸከምኩ ያህል ነው። መንገድ ላይ መምህሩ አገኙኝና አይተዋት ከንፈራቸውን መጠጡ። "ጆንያው እኮ ነግሮሽ ነበር" አሉኝ። ቤቴ እስክደርስ ሁሉም ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ስጪ፣ አትስጪ፣ አፍልተሽ ስጪ፣ ጡት ስጪ። ወተቱን ከነገ ጀምሮ ላቆመው ቆረጥኩ። በምትኩ ምን እንደምሰጣት አላውቅም ነበር። በውሃ የቀጠነ የስንዴ አጥሚት ይሆናል። ሌላ ልጅ ልቀብር መሆኔን ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ እንዲያውም ከየትኛው ወገን ሬሳ ተሸካሚ እንደምጠራ ሳስብ ራሴን ያዝኩት።

ማግሥቱ ዓርብ ነበር። በገበያ ቀን እርከን አይሠራም። እማሆይ ከቅዳሴ መልስ የሚቀምሱት ሽሮ ልጥድ ወደ ጾሙ ጥግ ሄጄ የዘይቱን ቆርቆሮ ሳነሣ ከበደኝ።

አንሥቼው ቆምኩ። አስቀመጥኩትና እንደገና አነሣሁት። ሁለታችንም ቆጣቢዎች ነን፤ ቢሆንም የልጅቱ የዕለት ማንኪያ ተጨምሮበት እስከዚያ ቀን መቅለል ነበረበት። እማሆይ ልጅቱን ታቅፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

"እማሆይ፣ ይሄ ዘይት ምነው አልጎደለ?"

"ምን ያጎድለዋል? አንቺም ጠብ ነው የምታደርጊው።"

"የልጅቱስ?"

"የልጅቱ ምን?"

"ወተቷ ላይ የሚያደርጉላት።"

እማሆይ የሚያሳፍር ነገር የተናገርኩ ይመስል አዩኝ። "በሁዳዴ? ወተት የነካ ማንኪያ የጾም ዘይት ውስጥ ልንከርልሽ? ሁላችንንም ጾም ላስገድፍ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተዉት?"

"ከቅበላ ነዋ። ዘይቱ የጾም ነው ከተባለ ወዲህ።"

ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው መምህሩ ያነበቡት የጆንያው ቃል የመጣልኝ፤ ስቡ የወጣለት። ስቡ ከወተቱ ወጥቷል። ዘይቱ የሚገባው በወጣው ስብ ፈንታ ነው። ለዚህ ነው ለብቻው ለሕፃን አይሆንም የሚለው፤ ለዚህ ነው ዶክተሩ ዘይት ጨምሪ ያለው። ጆንያውም እውነት፣ ዶክተሩም እውነት፣ ቆርቆሮውም እውነት፤ ሦስቱን ግን አንድ ቦታ ያስቀመጠልኝ ሰው አልነበረም። ልጄ ያን ሁሉ ሳምንት የጠጣችው የነጣ ውሃ ነው።

"እማሆይ" አልኳቸው፣ "ዘይቱ እኮ ምግቧ ነው።"

ቀስ ብለው ልጅቱን ወደ ደረታቸው አስጠጓት።

"እኔ ለማጣፈጫ መስሎኝ" አሉ። "ወጥ ላይ ጠብ እንደምናደርገው። ወተቱን መች ከለከልኳት፣ ወተቱ ይበቃታል፣ ማጣፈጫው እስከ ፋሲካ ቢቀርባት ምን ትሆናለች ብዬ። ምግቧ ነው ብሎ የነገረኝ ማን አለ? አንድ ሰው ምግቧ ነው ቢለኝ ኖሮ..." አልጨረሱትም።

እኔንም የነገረኝ አልነበረም። ለእሳቸው የነገርኳቸው የተነገረኝን ነው።

ቤት ውስጥ ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ነበረችን። በፈላ ውሃ አጠብኳትና ከቆርቆሮው ዘይት ቀዳሁባት፤ ከዚያ ወስጄ ከልጅቱ ዕቃ ጋር በራስጌዋ አስቀመጥኳት። የጾሙ ዘይት የጾም ሆኖ ቀረ፤ የጠርሙሷ ዘይት የልጅቱ ሆነ። መፍትሔው ይህን ታህል ነበረች። ሽሮ መጣዱን ትቼ አለቀስኩ። ካዘንኩት ይልቅ የደከመኝ ይበልጥ ነበር። እማሆይ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ልጅቱ ወዲያው አልተነሣችም። ዘይቱ መጀመሪያ ሆዷን አላላው፤ ጎረቤቶቼም አዲስ ምክር ይዘው መጡ፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ከዚያ እብጠቱ ጎደለ። አንድ ቀን ማታ ስገባ ጩኸቷ ከሩቅ ተቀበለኝ፤ ስኒው ባዶ ሆኖባት ነው። እንደዚያ ያለ መልካም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ተልባ ያለችኝ ጎረቤቴ "አላልኩሽም?" አለች። መምህሩ ወተቱን ያቆምኩ መስሏቸው "ጎበዝ" አሉኝ። ለሁሉም እውነትዎን ነው እላለሁ፤ ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም። ለጤና ረዳቱ ግን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። መዝኖ ሲጨርስ ልጅቱን ከሚዛኑ ሳያወርድ ቆየ።

"ይህ ነገር በሌላውም ቤት ይኖር ይሆን?" አለኝ።

ሁለታችንም በደጅ ወደ ተሰለፉት እናቶች አየን። ሁሉም ጾመኞች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ዘይት ሲያዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምክንያቱን ሲናገር እሰማው ነበር።

ዛሬ እኔ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ። ዘይት ቀንሺ ይሉኛል፤ አንዱ ሐኪም ይህን ዓይነት፣ ሌላው ያን ዓይነት ይለኛል፤ ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ ይሉኛል። መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ የሚያዙኝን ግን እሺ ብዬ ወጥቼ እንደ ወትሮዬ እበላለሁ። ልጆቼ ግትር ነሽ ይሉኛል።

በዚያው ሁዳዴ፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ቀን እርከኑ ላይ ዝናብ ወረደብንና በጊዜ ተበተንን። ቤቴ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እማሆይ ጀርባቸውን ወደ በሩ አድርገው ልጅቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ስኒውን አነሡ። ወደ ልጅቱ አፍ የሚወስዱት መስሎኝ ነበር፤ ወደ ራሳቸው አፍ ወሰዱት። ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ያዝ አደረጉት፣ ዋጡት፣ ከዚያ ለልጅቱ ሰጧት።

መነኩሲት ናቸው፤ ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ልጅ ሆነው ከጀመሩት ጊዜ ወዲህ ጾም ገድፈው እንደማያውቁ ባለቤቴ ነግሮኛል። ጫማዬን አሰማሁና ገባሁ። አልደነገጡም።

"የጠርሙሷ አፍ ጠባብ ነው" አሉኝ። "ዓይኔ ደግሞ ደክሟል። ዘይቱ ይውረድ አይውረድ አላይም። ወተቱ እንደሆነ ዘይት ኖረውም አልኖረውም ነጭ ነው። ምላሴ ግን ያውቀዋል።"

"ጎረቤት ጠርተው ቢያስቀምሱስ?"

"ማንን? ሁሉም ጾመኛ ነው። የእኔን ኃጢአት በማን ልጣለው? ልጆቹን ብጠራ ደግሞ ስኒውን ጨርሰውት ይሄዳሉ።"

እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ማለዳ እኔ በጥብጬ ልሂድ እንዳልላቸው ወተቱ ተቀምጦ ይበላሻል፤ እርከኑን ትቼ ልዋል እንዳልላቸው ስንዴውም ዘይቱም ይቀራል። ስለዚህ ተውኳቸው።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። እማሆይ ከመነኮሱ ጀምሮ በየዓመቱ በዚያ ቀን ይቆርባሉ። ጉልባኑን ጠዋት ሠርቼ ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቅዳሴው ሊፈጸም ተቃርቦ ነበር። በሴቶች በር በኩል ፈለግኋቸው፣ አጣኋቸው። ያገኘኋቸው ከቅጽሩ ግንብ ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀምጠው ነው፤ ልጅቱ ጉልበታቸውን ይዛ ልትቆም ትታገላለች።

"እማሆይ፣ አይቆርቡም? ሊያልፍብዎ ነው እኮ።"

"ዘንድሮ አልቆርብም።"

"ለነፍስ አባትዎ አልነገሯቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ለሕፃን ነፍስ ብለሽ ነው፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ቁረቢ ብለውኛል።"

"ታዲያ?"

እማሆይ ልጅቱ እንዳትወድቅ በሁለት እጃቸው ወገቧን ያዙ። "ነገ ስቅለት ነው" አሉኝ። "ነገም እቀምሳለሁ። ነገ የማደርገውን ዛሬ ተጸጽቻለሁ ብዬ እንዴት እቀርባለሁ?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የቆረቡት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በፊታችን አለፉ፤ አንዳንዶቹ እማሆይን አይተው የገረማቸው መሰሉ፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩአቸውም። ልጅቱ ቆማ ነበር። የማታ ወተቷ ሰዓት ስለ ደረሰ አዘልኳትና ተያይዘን ወደ ቤት ወረድን።